ጥላ የሚጥል ፊት

ሲያትልና አካባቢዋ የምትኖሩ ከሆነ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷችሁ ይሆናል። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ሲያወሩት «ምራቲቱ የአማቷን ጭንቅላት ለፈረንጅ አስረከበች» ብለው ነው የሚጀምሩት። እትዬ ዘይነባ ወሬ ላይ ቅመም አይቆጥቡም። የሚገርመው ግን አልዋሹም፤ እንዲያውም ጥፋቴን የሚያውቁት ግማሹን ብቻ ነው። ከኦበርን እስከ ማውንትሌክ ቴራስ ሰው ሁሉ እንደመሰለው ካወራው አይቀር፣ ሙሉውን ከራሴ አፍ ስሙት።

ሉባባ እባላለሁ። ዲቪ ደርሶን ከባለቤቴ ከጀማል ጋር ከደሴ መጥተን የምንኖረው ሲያትል አጠገብ ሲታክ ከተማ ነው። ጀማል ኤርፖርቱ አጠገብ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል። እኔ ብርጭቆ በእሳት እያቀለጡ፣ በረጅም የብረት ቧንቧ እየነፉ የሚሠሩበት ወርክሾፕ በጽዳት ገባሁ። መጥረጊያዬን ይዤ ነፊዎቹን ሳይ ስለምውል የወርክሾፑ ባለቤት ዳና አንድ ቀን «ከምታዪው ለምን አትረጂንም?» አለችኝና ሞልድ ያዥ አደረገችኝ። ሞልድ የምንለው ለሁለት የሚከፈት የሸክላ ቅርጽ ማውጫ ነው። ሥራዬ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ነፊዋ የጋለውን ብርጭቆ ስታስገባ መዝጋት፣ ነፍታ ስትጨርስ መክፈት ነበር። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ግን ሞልድ የሚይዝ ሰው ዓይኑ ሁልጊዜ ቧንቧው ላይ ነው። የእኔም ነበር።

አማቴን አባባ ሰይድን ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ እኛው ዘንድ አመጣናቸው። ደሴ ላይ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የታወቁ፣ ቃላቸው ከፊርማ የሚበልጥ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛቸው ግን «ሃሎ» እና «ታንኪው» ላይ ያበቃል። ጀማል የሥራ ሰዓቱ ስለማይመቸው አንደበታቸው እኔ ነበርኩ። ሲናገሩ ሰምቼ ለፈረንጁ አቀብላለሁ፤ ፈረንጁ ሲመልስ ለእሳቸው አቀብላለሁ። እያቀበልኩም አሳምራለሁ። የሕንፃችንን ኃላፊ «ይሄ ሰውዬ ሰላምታ እንኳ አያውቅም» ሲሉት፣ እኔ «ስለ ድካምህ ያመሰግኑሃል» እለዋለሁ። ሁለቱም ፈገግ ብለው ይለያያሉ። ዘመድ ጎረቤቱ «ሉባባ ነገር ታበርዳለች» እያለ ያሞግሰኝ ነበር፤ እኔም ራሴን እንደ አስታራቂ እቆጥር ነበር።

ባለፈው ዓመት ዳና ወርክሾፑን ለሕዝብ ከፍታ የሮማውያንን ዘመን አሠራር ልታሳይ አሰበች። ዳና የዚያ ዘመን ብርጭቆ ነገር ሲነሳ ምሳ የምትረሳ ሴት ናት። እንዳስረዳችኝ፣ ጥንት ብርጭቆ የሚሠራው በጭቃ ቅርጽ ላይ እየተጠመጠመ፣ ቀስ እየተባለ ስለነበር የሀብታም ዕቃ ነበር። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ግን በሶርያና በሊባኖስ ጠረፍ ያሉ ሰዎች መንፋትን አገኙ። ብዙም ሳይቆዩ የሚነፋውን ብርጭቆ ሞልድ ውስጥ አስገብተው መንፋት ጀመሩ። በአንድ ትንፋሽ የወይን ዘለላው፣ ሐረጉ፣ ጽሑፉ ሁሉ በሞልዱ ልክ ታትሞ ይወጣል። ያው ሞልድ ተመልሶ ሌላ ያወጣል፤ ሌላም ያወጣል። ሞልዱ የሚገጥምበት ቦታ ብርጭቆው ላይ ቀጭን መስመር ስለሚተው፣ ጎበዞቹ መስመሩን ሐረግ ውስጥ ይደብቁት ነበር። አፉ ተቆርጦ በድንጋይ ይሞረዳል። ዕቃው እንደዚያ ሲረክስ ደሃውም ሽቶውን በብርጭቆ መያዝ ቻለ።

ከእነዚያ ዕቃዎች መካከል የሰው ራስ ቅርጽ ያላቸው ትናንሽ ጠርሙሶች ነበሩ። የአማልክት፣ የሕፃናት፣ የጥቁር ሰዎችም ፊት አለ። ዳና የአንዱን ፎቶ አሳየችኝ፤ ፀጉሩ የተጠቀለለ፣ ከንፈሩ ወፈር ያለ፣ የእኛን አገር ሰው የሚመስል፣ ከቡጢ የማይበልጥ ጠርሙስ።

«እንዲህ ያለ መሥራት እፈልጋለሁ» አለችኝ። «ከመጽሐፍ ኮፒ አድርጌ ግን አይደለም። በሕይወት ካለ ሰው ፊት።»

ስልኬን አውጥቼ የአባባ ሰይድን ፎቶ አሳየኋት። ጉንጫቸው አጥንት ላይ የተወጠረ፣ ግንባራቸው ሰፊ፣ ሪዛቸው የተስተካከለ ነው። ዳና ስልኩን ከእጄ ወስዳ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ፈቃደኛ ይሆናሉ?»

«ይሆናሉ» አልኳት፤ ሳልጠይቃቸው።

«ይሄ ከተሳካልን» አለች፣ «በሚቀጥለው ዙር ቧንቧውን አንቺ ትይዣለሽ።»

ከዚያች ደቂቃ በኋላ ጆሮዬ ሌላ ነገር አልሰማም።

አባባን በመኪናዬ ወርክሾፕ ወሰድኳቸው። ዳና እጇ ጭቃ እንደያዘ ተቀበለቻቸው። እሳቸውም ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉላት። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ተመለከቱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«የራስ ቅርጽ ያለው ጠርሙስ፣ አባባ። የጥንት አሠራር ነው።»

«ፊት ያለው?»

«አዎ።»

ከዘራቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩት። «ልጄ፣ ፎቶስ ተነስቻለሁ፤ ለፓስፖርቱም ለመታወቂያውም። ያ ወረቀት ላይ የቀረ ነገር ነው። ይሄ ግን ጥላ የሚጥል ነው። ይህን የመሰለ ምስል አሠርቼ አላህ ፊት መቆም አልሻም። ሴትዮዋ ደግ ትመስላለች፤ እንዳይከፋት በጥሩ ቃል አልችልም በያት።»

ዳና ፈገግ ብላ እየጠበቀችኝ ነበር። ዞሬ በእንግሊዝኛ «ክብር ነው፣ ደስ ይለኛል ይላሉ» አልኳት።

ከዚያ ወደ እሳቸው ዞርኩ። «አባባ፣ ፊቱን ትቼዋለሁ ብላለች። የራስዎን ልክ ብቻ ነው የምትወስደው፤ ለቆብ እንደሚለካው።»

«ፊቱን ትተዋለች?»

«ትተዋለች።»

«እንዲያ ከሆነማ አብሽሪ» አሉና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ሁለቱም እጆቻቸው ከዘራው ላይ ሆነው ሳይንቀሳቀሱ ተቀመጡ። ጭቃው ጀርባውን ስለሰጣቸው የምትሠራውን አያዩም። ዳና አንዴ በመለኪያ፣ አንዴ በአውራ ጣቷ፣ አንዴ በዓይኗ ጉንጫቸውን እየለካች ፊታቸውን እዚያ ማዶ ታወጣ ነበር። ውኃ ስታቀርብላቸው «ታንኪው» አሏት። እኔ መሃል ቆሜ ሁለቱንም ፈገግ እያልኩ አያቸው ነበር።

ስንመለስ ሀይዌይ ላይ እንዲህ አሉ፦ «ሃይማኖቴን አከበረችልኝ። እንዲህ ያለ ሰውም አለ። አላህ ይስጣት።» እኔ ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት።

ሞልዱ ሲጠናቀቅ ዳና ጠርታ አሳየችኝ። ጭቃውን በሸክላ አፈር ጠቅልላ፣ ለሁለት ከፍላ፣ በምድጃ ተኩሳዋለች። መገጣጠሚያውን አባባ ካደረጉት ቆብ ጠርዝ ጀምሮ በጆሮ ኋላ ወደ ታች አውርዳ ደብቃዋለች። በውስጡ የአባባ ፊት ወደ ኋላ ገብቶ ተቀምጧል፤ አፍንጫው ጉድጓድ፣ ዓይኑ እብጠት። ስንቀሳቀስ አብሮኝ የሚዞር መሰለኝ። ክፉ ነገር እንዳየ ሰው ዘጋሁትና ራሴን አጽናናሁ፤ ጠርሙሱ ከዳና መደርደሪያ አይወጣም፣ አባባም ተመልሰው እዚህ አይመጡም፣ ማን ምን ይጎዳል? ለጀማልም «ቅዳሜ ትንሽ ዝግጅት አለን» ከማለት ሌላ ትንፍሽ አላልኩም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ወርክሾፑ ጢም አለ። ሰዉ በእንጨት አግዳሚዎች ላይ ተደርድሮ ተቀምጧል። ዳና ማይክ ደረቷ ላይ ሰክታ የሮማውያኑን ታሪክ ታወራለች። እኔ ጓንቴን አጥልቄ በርጩማዬ ላይ ነኝ፤ የአባባ ሞልድ ጉልበቶቼ መካከል ሙቀቱን ይዞ ተዘግቷል። ዳና ቧንቧዋን ምድጃው ውስጥ ነክራ ብርጭቆውን ስትጠቀልል በሩ ተከፈተ።

«ሉባባ! ሰርፕራይዝ!»

ጀማል ነው። ከኋላው እትዬ ዘይነባ፤ ከእሳቸው ኋላ፣ የጁምዓ ነጭ ልብሳቸውን የለበሱ አባባ ሰይድ።

«ፓርክ የምናደርግበት አጥተን ዞረን ዞረን!» እያለ ጀማል ሰዉን እያለፈ መጣ። «አንቺ ዝም ብትዪም ፍላየሩን አይቼዋለሁ። ሶ፣ አባባም ልጄ ምን እንደምትሠራ ልይ አሉ።» ዳናም አይታቸው ፊቷ በራ፤ ፊት ለፊት ቦታ አስለቀቀችላቸው። አባባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላምታ ሰጡኝ።

ዳና ግሎ የወጣውን ብርጭቆ ብረት ጠረጴዛው ላይ አንከባለለችው፤ ትንሽ ነፋችው፤ እያዞረች ወደ እኔ መጣች። ሞልዱን ከፈትኩ። ብርጭቆው ገባ።

«ዝጊ» አለች። ዘጋሁ።

እዚህ ላይ መውጫ ነበረኝ። ዳና ነፍታ ሳትጨርስ አንድ ትንፋሽ ቀድሜ ብከፍተው ብርጭቆው ቅርጹን ሳይዝ ይጨማደዳል። «እጄ ሳተ» እላለሁ። ዳና ትስቃለች፣ ሌላ ትሞክራለች፤ እስከዚያ አባባን ሰበብ ፈልጌ አስወጣቸዋለሁ። ሁሉም በጭንቅላቴ አለፈ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያልከፈትኩት ስለ ዳና ልፋት አዝኜ አይደለም። እጁ የሳተ ሰው ቧንቧ አይሰጠውም ብዬ ነው።

ዳና ጉንጯ ተነፍቶ በሙሉ ኃይሏ ነፋች። «ክፈቺ!»

ከፈትኩት።

የአባባ ሰይድ ፊት እንደ ብርቱካን ቀልቶ ወጣ። ግንባራቸው፣ የጉንጫቸው አጥንት፣ ሪዛቸው፣ ያ አፋቸውን ገጠም የሚያደርጉት ነገር ሳይቀር። ሰዉ በጭብጨባ ተነሳ። እትዬ ዘይነባ ከጭብጨባው በላይ «ያረቢ! ጋሽ ሰይድን! እርስዎን እኮ ነው!» ብለው ጮኹ።

ዳና ቧንቧውን እያዞረች፣ ፊቱን አንዴ ወደ ማሞቂያው፣ አንዴ ወደ ሕዝቡ እያደረገች፣ በማይኩ «ፊታቸውን የሰጡን ሰው እዚሁ አሉ» አለች። «ይነሱልን!»

አባባ ሁሉም ሲያያቸው ተነሱ። ጀማል በኩራት ሊፈነዳ ደርሷል።

«ሉባባ፣ ምን እንደተሰማቸው ጠይቂልኝ።»

ከበርጩማው ተነስቼ ፊታቸው ቆምኩ። ጓንቱን ማውለቅ እንኳ ረሳሁ። «አባባ… ምን እንደተሰማዎት ትጠይቃለች» አልኩ።

አባባ መጀመሪያ ብርጭቆውን አዩ። ቀጥሎ እኔን አዩ። ቁጣ ባየሁባቸው ደስ ባለኝ፤ ምንም ቁጣ አልነበረም። አንድ ነገር ገብቷቸው የጨረሱ ሰው ፊት ነበር።

«የፈለግሽውን በያቸው፣ ልጄ» አሉ። «አንቺ ታውቂበታለሽ።»

የጀማል ፈገግታ ተቋረጠ። እትዬ ዘይነባ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ያ ሁሉ ፈረንጅ ግን ጥርሱን ገልጦ ትርጉሙን ይጠብቃል። ልማድ ክፉ ነው፤ «በጣም ተደስቻለሁ፣ አመሰግናለሁ ይላሉ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም አለኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

«እምቢ ብለው ነበር» አልኩ በእንግሊዝኛ። «የዚያን ቀን። እሳቸው እምቢ አሉ፤ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ለእሳቸውም ፊትዎ አይሠራም አልኳቸው።»

ዳና ቧንቧውን ማዞር አላቆመችም፤ ማዞር ካቆሙ ብርጭቆው ይወርዳል። ወደ እኔ አላየችም። አግዳሚዎቹን እየቃኘች «ሌላ አማርኛ የሚችል ሰው አለ?» ስትል ጠየቀች።

እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። ከዚያ በላይ የሚያዋርድ ቃል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

ጀማል ተነሳ። ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል። ዳና እንዲህ አለችው፦ «ይቅርታ በልልኝ፣ አላወቅኩም። ፊቱ የእሳቸው ነው፤ ያሉት ይደረጋል። ግን ቶሎ ይንገሩኝ፣ ከቀዘቀዘ በራሱ ይሰነጠቃል።»

ጀማል ለአባቱ ነገራቸው። አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው አሰቡ። «የሰው ልፋት ስበሩ አልልም» አሉ። «ብቻ፣ ወደነበረበት መመለስ ይቻል እንደሆን ጠይቅልኝ።»

«ይቻላል» አለች ዳና።

ማሞቂያው አፍ ውስጥ አስገብታ ያዘችው። መጀመሪያ አፍንጫው ሄደ። ከዚያ ሪዙ፣ ከዚያ ዓይኖቹ ተንሸራተው ከጉንጩ ጋር አንድ ሆኑ። መጨረሻ ላይ ቧንቧው ጫፍ ላይ የቀረው የሚያበራ ድቡልቡል ነገር ብቻ ነበር። ነፋችው፤ ምንም ጌጥ የሌለው ትንሽ ጠርሙስ ወጣው፤ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ወደ ማቀዝቀዣው ምድጃ አስገባችው። የሚያጨበጭብ አልነበረም። አባባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና «ታንኪው» አሏት።

ሰኞ ወርክሾፕ ስገባ ዳና ሞልዱንና መዶሻ ሰጠችኝ። ሞልዱ ካለ ፊቱ አለና ሰበርኩት። «ሥራሽን አልነካም» አለችኝ። «ግን አንቺን የጠየቅኩት እሳቸውን መጠየቅ ስላልቻልኩ ነበር።» እስከ ዛሬ ሞልድ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ቧንቧውን አልያዝኩም፤ እንድትሰጠኝ ለመጠየቅም ፊት የለኝም።

አባባን የዚያኑ ዕለት እግራቸው ላይ ወድቄ «አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው። «አፉ ብያለሁ፤ ተነሺ» አሉኝ ወዲያው። እናንተ «እንግዲያው ምን ቀረ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ለጥቂት ቀን እንደዚያ ብዬ ነበር።

ያ ፎቶው ላይ ያየሁት ጥቁር ሰው አሁን ከአእምሮዬ አይወጣም። በዚያ ዘመን ፊቱን ጭቃ ላይ ሲያወጡት ጠይቀውት ይሆን? ቋንቋቸውን የማያውቅ ከነበረ፣ መሃል ላይ እንደ እኔ ያለ አንድ የአገሩ ሰው ቆሞ «ደስ ብሎታል» ብሎላቸው ይሆን? ከስንት ዘመን በኋላ ሰው «እንዴት ያምራል» እያለ ያየዋል፤ እሱ ምን እንዳለ ግን ማንም አያውቅም።

እናንተም እናታችሁን፣ አባታችሁን፣ አማታችሁን በየቢሮው ይዛችሁ የምትዞሩ ብዙ ናችሁ። ነገር ለማብረድ ብላችሁ ስኳር ታክሉ ይሆናል። አትጨምሩ። ሽማግሌው ከተሳደበም ተሳድቧል ነው፤ እምቢ ካለም እምቢ ነው። አገሩንና ቤቱን ትቶ የመጣ ሰው የቀረው አንድ ነገር የራሱ ቃል ነው። እኔ ከአባባ ላይ የወሰድኩት እሱን ነው፤ ፊታቸውንማ ዳና መለሰችላቸው።

ከዚያ ወዲህ አባባ በቤት ውስጥ ያው ናቸው። «ልጄ» ይሉኛል፣ ምግብ ሳቀርብ ይመርቁኛል። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ግን ጀማልን «በስልክ የሚያስተረጉመው ይጠራልኝ በላቸው» አሉት፤ «ሉባባን ለምን አደክማታለሁ» ብለው። እኔ አደርሳቸዋለሁ፣ እሳቸው ይገባሉ፣ እኔ መጠበቂያው ክፍል እቀመጣለሁ።

በቅርቡ ለጉልበታቸው ሕመም ወስጃቸው የአስተርጓሚው ስልክ አልሠራ አለ። ነርሷ ደውላ ደውላ ሲታክታት ወጥታ «ቤተሰብ ነሽ አይደል? ግቢና አንቺ አስተርጉሚ» አለችኝ። ገባሁ። አባባ አልጋው ጫፍ ላይ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው አብጧል። አዩኝ። ነርሷ «የት ላይ እንደሚያማቸው ጠይቂያቸው» አለች።

ጠየቅኳቸው። ሱሪያቸውን ወደ ታች መለሱት።

«ግድ የለም፤ ሌላ ቀን እንመጣለን በያት።»

ወደ ነርሷ ዞርኩ። «ግድ የለም፤ ሌላ ቀን እንመጣለን ይላሉ» አልኳት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ከዚያ ካፖርታቸውን አልብሻቸው ወጣን።